ጃክ ጆንሰንን ለማታውቁት ልጆቼ

ሰሞኑን ቦክስ ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዱ ልምምድ ጨርሶ ፋሻውን ከእጁ ላይ እየፈታ፣ "ጋሼ፣ ጎበዝ ሆኜ ዕድሉን ካልሰጡኝ ጉብዝናዬ ምን ይፈይድልኛል?" ብሎ ጠየቀኝ። ተናዶ አይደለም፤ የምሩን ነው። ነገ እንነጋገራለን ብዬ ሸኘሁት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ልጅ ጠይቆኛል። እሱ መልሱን ሳያገኝ ነው የሄደው።

የዚያን ልጅ ስም አልጠራም። ዛሬ የልጆች አባት ነው። ያኔ ቀን ቀን መርካቶ ሸክም ይሠራል፤ ማታ እኛ ጋ ይመጣል። ትከሻው ላይ ገመድ ያወጣበት ሰንበር ነበረው። አዳራሻችን ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የምትሰቀለው ከረጢት አንዲት ናት፤ እሷም በአሮጌ የመኪና ጎማ የተጠገነች። ተራ እየጠበቅን ነበር የምንመታት። እሱ ተራው እስኪደርስ አይቀመጥም፤ ግድግዳው ላይ ከገዛ ጥላው ጋር ይሠራል። ግራ እጁ ሲነሣ አይታይም፤ ሲመለስ ብቻ ነው የሚታየው። ብዙ ቦክሰኛ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጃብ፣ ማለቴ ቀጥ ያለ የፊት እጅ ቡጢ፣ ግን ሁለተኛ አላጋጠመኝም።

አንድ ጊዜ ለውጭ አገር ውድድር ማጣሪያ ተደረገ። በመጨረሻው ግጥሚያ ተጋጣሚውን በሁለተኛው ዙር ዘረረው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ትከሻቸው ላይ አንሥተውት ወጡ። ከዚያ የተጓዦች ዝርዝር ተለጠፈ። አብረን ሄድን። ከላይ ወደ ታች አነበበው። ከታች ወደ ላይ ደግሞ አነበበው። የእሱ ስም የለም፤ የዘረረው ልጅ ስም ግን አለ። የሚመለከታቸው ሰዎች ጋ ገብቼ ጠየቅሁ። "ዝርዝሩ አልፏል" አሉኝ። በማግስቱም ሄድኩ፤ መልሱ ያው ነው። ምክንያት የነገረኝ የለም። እኛ ግን እናውቀዋለን። ልጁ ሰው አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣው። የአዳራሹን ፋሻዎች አጥቦ፣ አድርቆ፣ እንደ አዲስ ጠቅልሎ አመጣቸው። ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ያን ጥያቄ ጠየቀኝ። እኔም እንደማንኛውም ሰው "አይዞህ፣ ያልፋል" አልኩት። ያኔ የነበረኝ ቃል እሱ ብቻ ነው። እጄን ጨብጦ ወጣ። ሪንግ ውስጥ ዳግመኛ አልገባም።

ቁጭቴ ይኸውላችሁ። የጃክ ጆንሰንን ታሪክ በዚያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ፣ በሩን ዘግቼ እስኪነጋ እተርክለት ነበር። ስሙን ሰምቻለሁ፤ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን መሆኑንም አውቃለሁ። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግን አላውቅም ነበር። አሁን ላወራችሁ ነው። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆንሰን በ1878 ቴክሳስ ውስጥ ጋልቬስተን በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባትና እናቱ በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ናቸው። እሱ ከመምጣቱ በፊት ቦክስ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። የከባድ ሚዛን የሻምፒዮን ቀበቶ የነጭ ነው፤ ጥቁር አይነካውም። የዘመኑ ሻምፒዮን ታላቁ ጆን ሱሊቫን በይፋ "ከጥቁር ጋር አልጋጠምም" ብሎ ነበር። በእሱ ዘመን ፒተር ጃክሰን የሚባል ጥቁር ቦክሰኛ ነበረ። በ1891 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ከነጩ ጄምስ ኮርቤት ጋር 61 ዙር ተጋጥሞ ያለ አሸናፊ ተቋረጠ። ስድሳ አንድ! እናንተ ሦስት ዙር ስትሠሩ ውኃ ውኃ ትላላችሁ። በዓመቱ ኮርቤት ሱሊቫንን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ጃክሰን ዕድሉን ሳያገኝ ታሞ ሞተ። እንግዲህ ጆንሰን ቦክስ ሲጀምር የተዘጋው በር ይህ ነው።

እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ግን የተሸነፈበትን ቀን ነው። የካቲት 1901 ነው። ከተማው ጋልቬስተን በ1900ው ታላቅ ማዕበል ፈራርሷል፤ በዚያ ማዕበል ከ6 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ገና ወራት አልፎታል። ጆ ቾይንስኪ የሚባል ከሳንፍራንሲስኮ የመጣ አይሁዳዊ ቦክሰኛ ከጆንሰን ጋር ተጋጠመ። ቾይንስኪ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ዕድሜውም ገፍቷል። ጆንሰን 22 ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ጠንካራ። በሦስተኛው ዙር ቾይንስኪ ዘረረው።

ወዲያው ፖሊሶች ገመዱን አልፈው ገቡ። ቴክሳስ ውስጥ በገንዘብ መጋጠም ወንጀል ነበር። አሸናፊውንም ተሸናፊውንም አንድ ላይ አሰሯቸው። ሦስት ሳምንት ገደማ ታሰሩ። የእስር ቤቱ ሹም በግቢው ውስጥ ጓንት እያጠለቁ እንዲለማመዱ ፈቀደላቸው፤ ሰው እየመጣ ያያቸው ነበር። አስቡት እስቲ። የዘረረህ ሰው አብሮህ ታስሯል። ታኮርፋለህ ወይስ ትጠይቀዋለህ? ጆንሰን ጠየቀ። ቾይንስኪም አስተማረው። እንደሚተረከው ያለው ነገር፣ እንዳንተ የሚንቀሳቀስ ሰው ፈጽሞ ቡጢ መቅመስ የለበትም የሚል ነው። ከዚያ እስር ቤት የወጣው ሌላ ቦክሰኛ ነው። ተከላካይ ሆኖ ወጣ። ቡጢውን ገና ከመንገዱ በመዳፉ ይቀበለዋል፣ ይገፋዋል፣ ይይዘዋል። ተጋጣሚው ሲደክም አፐርከቱን፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን ቡጢ፣ ያስገባል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። የዛሬ ልጆች ተሸንፋችሁ ስትወርዱ የመጀመሪያ ሥራችሁ ዳኛውን መውቀስ ነው። ሁለተኛው አሰልጣኝ መቀየር። ያሸነፋችሁን ልጅ ስልክ የምትጠይቅ አንድ ነፍስ አላየሁም። ከረጢት ስትመቱ ጓደኛችሁ ይቀርጻችኋል፤ ቲክቶክ ላይ ትለጥፉታላችሁ፤ ግራ እጃችሁ ወገባችሁ ላይ መውረዱን ግን መልሳችሁ አይታችሁ አታርሙም። እወዳችኋለሁ፤ ስለምወዳችሁ ነው የምናገረው። በጉልበት እኛን ትበልጡናላችሁ። በምግብም፣ በጫማም፣ በእውቀትም ትበልጡናላችሁ። የሚጎድላችሁ መጠየቅ ነው።

ወደ ጆንሰን ልመለስ። በ1903 "የጥቁሮች የዓለም ሻምፒዮን" ተባለ። ለጥቁሮች ለብቻቸው የተሠራ ማዕረግ ነው። ትክክለኛውን ቀበቶ የያዘው ጄምስ ጄፍሪስ ነበር። ጄፍሪስ ከጥቁር ጋር ለቀበቶው አልጋጠምም አለ። በ1905 ሳይሸነፍ ጡረታ ወጥቶ ወደ እርሻው ሄደ። ቀበቶው ዞሮ ዞሮ ቶሚ በርንስ የሚባል አጭር ካናዳዊ እጅ ገባ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው፤ ጆንሰን 1 ሜትር ከ84 ገደማ።

ጆንሰን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በርንስ ለንደን ሲሄድ ለንደን ሄደ። በርንስ በሄደበት ሁሉ በጋዜጣ እየጠራው፣ እያሳፈረው ተከተለው። በመጨረሻ በርንስ አውስትራሊያ ገባ፤ ጆንሰንም ውቅያኖሱን ተሻግሮ አውስትራሊያ ገባ። ሂው ማኪንቶሽ የሚባል ነጋዴ ለበርንስ 30 ሺህ ዶላር ሊከፍለው ተስማማ፤ ለዘመኑ ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ነው። ለጆንሰን የደረሰው 5 ሺህ ነው። ዳኛውም ራሱ ነጋዴው። ጆንሰን እሺ አለ። የሚፈልገው ገንዘቡን ሳይሆን ያን ቀን ነበር።

ያ ቀን ታኅሣሥ 26፣ 1908 ነው። ሲድኒ፣ ራሽካተርስ ቤይ። ፊልሙ ዛሬም አለ። የልጅ ልጄ ነው በስልኩ ከፍቶ ያሳየኝ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ይርገበገባል። ጆንሰን ሲስቅ ይታያል። ሆዱን ገልጦ "እዚህ ምታኝ" ይለዋል። በርንስ ይመታል፤ ጆንሰን ያወራል። ስድቡን የጀመረው በርንስ ነበርና ጆንሰን እየመታ መለሰለት። እኔ ግን ያየሁት እግሩን ነው። አንድም ጊዜ አይቸኩልም። የኋላ እግሩ ሁልጊዜ ከበታቹ ነው። መልሼ መላልሼ አየሁት። በ14ኛው ዙር በርንስ ሊወድቅ ሲል ፖሊስ ገባና ካሜራውን አስቆመ። ነጩ ሻምፒዮን ሲወድቅ ዓለም እንዳያይ ነው። ውጤቱን ግን ማስቆም አልቻሉም። ልጆቼ፣ እኔ በዚያች የተቆረጠች ፊልም ላይ አለቀስኩ። ያ መርካቶ ሸክም የሚሠራው ልጅ ነው የታየኝ።

ታዲያ "ሂዱ" እያልኳችሁ ነው? ቃሌን በደንብ ያዙልኝ። በበረሃና በባሕር በደላላ እጅ ሂዱ እያልኩ አይደለም። በዚያ መንገድ የሄዱ ልጆች ነበሩኝ፤ የሁሉንም ድምፅ አልሰማሁም። ጆንሰን የሄደው የሚያሸንፈውን ሰው ስም ይዞ ነው። የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚጋጠም፣ ማን እንደሚከፍል ያውቃል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ጠብቋልም። ከሻምፒዮኖቹ ሁሉ የሚሻል መሆኑን ካወቀ በኋላ ዓመታት ጠብቋል። በእነዚያ ዓመታት ግን ያገኘውን ሁሉ ይገጥም ነበር፤ በትንሽ ገንዘብ፣ በትንሽ ከተማ፣ ከራሱ ወገኖች ጋር ደጋግሞ። አልጠበቀም ብዬ ነበር ከላይ። ጠብቋል፤ እየሠራ ጠበቀ።

ካሸነፈ በኋላ የመጣው መከራ ብዙ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ነጮቹ የእርሻውን ሰው ጄፍሪስን ጎትተው አመጡት። ከ40 ኪሎ በላይ ቀንሶ ነው ለግጥሚያው የተዘጋጀው። ሐምሌ 4፣ 1910፣ ሬኖ፣ ኔቫዳ። ሃያ ሺህ የሚያህል ሰው፣ የሚያቃጥል ፀሐይ። በ15ኛው ዙር፣ በሕይወቱ ወድቆ የማያውቀው ጄፍሪስ ወደቀ። በዚያው ምሽት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሡ፤ ሰው ሞተ። አንድ ሰው በንጹሕ ቡጢ ስላሸነፈ ሌሎች በመንገድ ተገደሉ። በ1912 ደግሞ የቦክስ ፊልም ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት እንዳይጓጓዝ የፌዴራል ሕግ ወጣ።

በሪንግ ሲያቅታቸው በፍርድ ቤት መጡበት። ጆንሰን ነጭ ሴቶችን ያገባ ነበር፤ አይደብቅም። ሴቶችን ለዝሙት ንግድ ማዘዋወርን ለመከላከል ተብሎ በ1910 የወጣ ሕግ ነበር። በእሱ ከሰሱት። በ1913 በሙሉ ነጭ የሆኑ ዳኝነት ሰጪዎች ጥፋተኛ አሉት፤ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈረደበት። ከእስሩ ሸሽቶ በካናዳ በኩል አውሮፓ ገባ። ሚያዝያ 5፣ 1915 ሃቫና ላይ ከግዙፉ ጄስ ዊላርድ ጋር ተጋጠመ። 37 ዓመቱ ነበር። በ26ኛው ዙር ተዘረረ። በ1920 ተመልሶ እጁን ሰጠ፤ ሌቨንዎርዝ በሚባል እስር ቤት ታሰረ። በ1946 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። ምሕረት ያገኘው በ2018 ነው፤ ከሞተ ከ72 ዓመት በኋላ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከእኛ ጋር ይያያዛልና ልጨምረው። ጆንሰን ከተሸነፈ በኋላ ለ22 ዓመት አንድም ጥቁር የከባድ ሚዛን ቀበቶ አልያዘም። በ1937 የያዘው ጆ ሉዊስ ነው። ሉዊስ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 1935፣ ኒውዮርክ ላይ ጣሊያናዊውን ግዙፍ ፕሪሞ ካርኔራን ገጠመ። ሙሶሊኒ እኛን ሊወር ጦር እያጓጓዘ የነበረበት ወቅት ነው። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ሞላ። የአሜሪካ ጥቁሮች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ነበር ያዩት። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ጨረሰው። አባቴ ስለ ወረራው ብዙ አውርቶኛል፤ ይህን ግን አልሰማም ነበር። በሩቅ አገር በእኛ ስም የተጨበጨበ እንዳለ ሳያውቅ ሞተ። ይቆጨኛል።

ስለ ሉዊስ ካነሣሁ ሌላም ልንገራችሁ። ማናጀሮቹ ከጆንሰን እንዲርቅ፣ በወደቀ ሰው ላይ እንዳይስቅ፣ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶ እንዳይነሣ አስጠንቅቀውት ነበር። ጆንሰን ተከፋ። ሉዊስ ጃብ ከሰነዘረ በኋላ ግራ እጁን እንደሚያወርድ አይቶ ነበርና፣ በ1936 ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በቀኙ ይመታዋል አለ። ገንዘብም አስያዘበት። እንዳለውም ሆነ፤ ሉዊስ በ12ኛው ዙር ተዘረረ። ግራ እጃችሁን መልሱ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው። የጆንሰን ዓይን ትክክል ነበር። ልቡ ግን በዚያ ቀን አላኮራኝም። የወንድምህን ጉድለት ካየህ ለእሱ ትነግረዋለህ እንጂ አትወራረድበትም።

ይህ ደግሞ ወደ ዋናው ነገር ያመጣኛል። ለዚያ ልጅ ብተርክለት ኖሮ ከሁሉም አስረዝሜ የምነግረው ይህን ነው። ሳም ላንግፎርድ የሚባል ጥቁር ቦክሰኛ ነበረ፤ ከካናዳ፣ ከኖቫ ስኮሺያ። ቁመቱ በርንስን ያህላል። በ1906 ከጆንሰን ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። በክብደት ብዙ ያንሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ላንግፎርድ ገዘፈ፣ በሰለ። ጆንሰን ሻምፒዮን ሲሆን "እንግዲህ ተራዬ ነው" አለ። ጆንሰን አልሰጠውም። ጆ ጄኔት የሚባል ሌላ ጥቁር ቦክሰኛም ጠየቀ፤ ጆንሰን ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት ደጋግሞ የገጠመው ሰው ነው። አልሰጠውም። ሳም ማክቪ የሚባለውም ጥቁር ቦክሰኛ ዕድሉን ሳያገኝ ቀረ። በሻምፒዮንነቱ ዘመን ለቀበቶው የገጠመው ጥቁር አንድ ብቻ ነው፤ በ1913 ፓሪስ ላይ ጂም ጆንሰንን። ገንዘቡ ከነጭ ጋር ስለሚበልጥ ነው ይባላል። ሊሆን ይችላል። በርንስ ሲሸሸውም እኮ ሰበብ አላጣም ነበር።

ላንግፎርድ፣ ጄኔት፣ ማክቪና መሰሎቻቸው ሌላ ተጋጣሚ ስላልነበራቸው እርስ በርሳቸው ከአሥር ጊዜ በላይ ተደባደቡ። ላንግፎርድ ዓይኑ እየጠፋ መጋጠሙን ቀጠለ። በ1944 አንድ ጋዜጠኛ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ፈልጎ ሲያገኘው ዓይነ ስውርና ድሃ ነበር። ጋዜጣው ላይ ሲወጣ አንባቢዎች ገንዘብ አዋጡለት።

እኔ ጆንሰንን እወደዋለሁ። ይህን ግን ይቅር ማለት ያቅተኛል። ስንት ባሕር ተሻግሮ ያስከፈተውን በር ለምን ከኋላው ዘጋው? አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ይሆናል። አሰልጣኝ፣ ኃላፊ፣ ዳኛ። ያኔ ላንግፎርድ ማን እንደሆነ እንድታስታውሱ እፈልጋለሁ። ስለ ጠዋት ሩጫ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሲጋራና ጫት አልናገርም። ታውቁታላችሁ።

በ1945 ኒውዮርክ ውስጥ ለጦርነት ቦንድ ሽያጭ ጆንሰንና ጄኔት በትርዒት ግጥሚያ ሪንግ ገቡ። ጆንሰን 67 ዓመቱ፣ ጄኔት 66። ዙሩ አንዳንድ ደቂቃ ነበር። አንዳንዶች እርቅ ነው ይላሉ። ለእኔ አይደለም፤ ከ30 ዓመት በላይ የዘገየ ነገር ነው። በ1910 ቢጋጠሙ ማን ያሸንፍ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን፣ ከነቅሬታዬ ጆንሰን ነው የምለው። በነጥብ።